የዶን ኢላሪዮ መብራት

«ዛሬ መብራቱን፣ ነገ ቤቱን። እኔ ነግሬሃለሁ ሩቲሊዮ፤ ኋላ አልሰማሁም እንዳትለኝ!»

ላላ ይህን የሰማችው ፎቅ ላይ ካለው ክፍሏ ወርዳ ወጥ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ነው። የባሏ እህት ቴንቻ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ሰክታ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ታወራለች፤ እጇ ደግሞ ለምግብ የሚሆን የቁልቋል በለስ ቅጠል እሾህ በቢላ ይልጋል። ማክሰኞ ማክሰኞ ሰፈራችን ውስጥ የመንገድ ገበያ ስለሚቆም፣ ቴንቻ እሾሁን የጠረገችለትን ቅጠል በፌስታል እያሰረች አንዱን በሀያ ፔሶ ትሸጣለች። ላላ ባዶ ኩባያዋን እንደያዘች ቆመች። ተመልሳ እንዳትወጣ ደረጃው ብረት ነው፣ ይሰማል። ብትገባ ደግሞ መስማቷ ሊታወቅ ነው። ቤቱን ልትወስድ ነው የተባለችው እሷ እንደሆነች ለመረዳት ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም።

ነገሩ የተጀመረው ትናንት ማታ እራት ላይ ነበር። ላላ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከስድስት ዓመት በፊት ቀሚሷን ያሳጠረችላት አንዲት የባንክ ሠራተኛ፣ አክሲዮንና የመንግሥት ቦንድ የሚያገበያይ ድርጅት ውስጥ በስልኳ ሒሳብ ከፈተችላት፤ ከዚያ ወዲህ የዩኒፎርም ወቅት ባለፈ ቁጥር የተረፋትን ታስገባለች። ባሏ ፌርሚን በሕይወት ሳለ «ስልክሽ ውስጥ ነው ዶሮ የምታረቢው?» እያለ ያበሽቃት ነበር። ገንዘብ ስታስገባ ማንም ማን ነሽ፣ የት ነሽ ብሏት አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ላውጣ ስትል ግን የድርጅቱ ጠባይ ተለወጠ። የመራጭነት መታወቂያሽን ከፊትና ከጀርባ አምጪ፣ ስምሽና የሒሳብ ቁጥርሽ ያለበት የባንክ ወረቀት አምጪ፣ ከሦስት ወር ያልበለጠ በራስሽ ስም የወጣ የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ አምጪ። ሁለቱ አላስቸገሯትም። ሦስተኛው ነው ጣጣ ያመጣው።

በእኛ ከተማ በኔሳ ደግሞ ሰው ስለሞተ መብራት መክፈል አያቆምም። የቴንቻና የፌርሚን አባት ዶን ኢላሪዮ ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እስከ ዛሬ ግን በየሁለት ወሩ «ውድ ደንበኛችን» እየተባለ ይጻፍላቸዋል። ውሃውም በስማቸው ነው። በዚህ የሚገረም ሰው የለም፤ በሰፈራችን ግማሹ ቤት እንዲሁ ነው። ዶን ኢላሪዮ ኑዛዜ አልተዉም፣ ልጆቹም ቤቱን አልተካፈሉም። የመብራቱን ሒሳብ በራሱ ስም ያዞረ ሰው ቤቱን እንደዋጠ ይቆጠራል። የሟቹ ስም እስካለ ድረስ ቤቱ የማንም አይደለም፤ የማንም ስላልሆነም እሁድ እሁድ ሁሉም መጥቶ ያለ ጠብ ይበላል። እንግዲህ ላላ ትናንት ማታ ሾርባዋን እየጠጣች፣ «ቴንቻ፣ መብራቱን ለጥቂት ወር በኔ ስም ብናደርገውስ?» አለች። እዚያ ቤት ሀያ ሁለት ዓመት ኖራ ይህ እንደማይባል አለማወቋ እኔን ይገርመኛል። ቴንቻ ሳህኖቹን አነሳች።

ላላ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የገባችው ወዳ አልነበረም። ከትልቁ መንገድ ማዶ ዶኛ ብራውሊያ የምትባል ሴት አንድ ክፍል ከነትንሽ ማድ ቤቱ ታከራያለች፤ ወደ መንገድ የሚከፈት፣ ወደ ላይ የሚጠቀለል የብረት በር ስላለው እዚያው ኖሮ እዚያው መስፋት ይቻላል። ብራውሊያ የፈለገችው የሁለት ወር ኪራይና መያዣ ነው። እስከ ዓርብ ካልመጣ ክፍሉን ለዶሮ ሻጩ ትሰጠዋለች፤ ይህን ፊት ለፊት ነግራታለች። ድርጅቱ ደግሞ ወረቀቱ ከተሟላ በኋላ ሁለት የሥራ ቀን ይፈጃል። ማስረጃው ዛሬ ካልገባ ክፍሉ የለም ማለት ነው። ፌርሚን ከሞተ አራት ዓመት ሙሉ ላላ በሰው ቤት እንደ እንግዳ ነው የኖረችው፤ ሣሙና ስትገዛ ለሁለት፣ ጋዝ ሲያልቅ ቀድማ፣ እሁድ ወንድማማቾቹ ሲሰበሰቡ ደግሞ ወንበር ጎድሏል ብላ ቆማ። ሰልችቷታል፤ ሌላ ስም የለውም።

ገባች። ቴንቻ «በኋላ እደውላለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

«አጥሚቱ ቀዝቅዟል» አለች ቀና ሳትል።

«ቴንቻ፣ እኔ ቤቱን አልፈልግም።»

«ማን ቤት አነሳ?»

«ደረጃው ላይ ነበርኩ።»

«የሰው ስልክ ማዳመጥ ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ?»

«ድምፅሽ እኮ ገበያው ድረስ ይሰማል። ስሚኝ፤ መብራቱ በአባትሽ ስም ይቅር። ማዘጋጃ ቤቱ እዚህ ለመኖሬ ማረጋገጫ ይሰጠኛል፣ ሁለት ምስክር ነው የሚፈልጉት። አንዷ ጎረቤታችን ቾሌ ናት። ሁለተኛዋ አንቺ ብትሆኚልኝ…»

«እሱን ይዘሽ ነገ ልትከሺን?»

«እሱን ይዤ ልወጣ ነው። ክፍል አግኝቻለሁ። ገንዘቤን ለማውጣት እዚህ መኖርሽን አስመስክሪ አሉኝ፤ ገንዘቡን የምፈልገው ደግሞ ከዚህ ለመውጣት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ሳቅ እንዲሆን ብላ ነበር የተናገረችው፤ ቴንቻ ግን አልሳቀችም። ቢላው ቅጠሉ ላይ ቆሞ ቀረ። ውጭ ገበያተኞቹ የሸራ ዳሳቸውን ብረት ሲቀጠቅጡ ይሰማል፣ አንዱ አቮካዶ ሻጭ «ግቢ ንግሥቴ፣ ቅመሺ ንግሥቴ» ይላል። ቴንቻ ቅጠሉን ገለበጠችና ያንኛውን ወገን መላግ ጀመረች።

«ሥራ አለብኝ» አለች።

ላላ ወደ ክፍሏ ወጣች። ክፍሉን ፌርሚን በየቅዳሜው ብሎኬት እየገዛ የሠራው ነው፤ ልስኑ በሁለት ግድግዳ ላይ አለ፣ በሁለቱ ላይ የለም፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ አያስቀምጥም። አልጋው ላይ የተሰፉ የተማሪ ሱሪዎች ተከምረዋል። ወረቀቶቿን ትናንት ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በገዛችው የፕላስቲክ አቃፊ ውስጥ እያስገባች አለቀሰች። ያስለቀሳት እምቢታው አልነበረም። ቴንቻ «አትሂጂ» ብትል ወይም «ጥርግ በይ» ብትል ሁለቱንም ትችለው ነበር። «ሥራ አለብኝ» የሚባለው ግን ዕቃ ሊሸጥ ለመጣ ሰው ነው። ፊቷን ታጠበች፣ ጥሩ ጫማዋን አደረገች፣ በአንድ ምስክርም ይሆንልኝ ይሆናል ብላ በገበያው መሀል እየተጋፋች ወደ ቾሌ የበቆሎ ቂጣ መጋገሪያ ሄደች።

ቾሌ ማሽኑን ለሠራተኛዋ ትታ፣ ሽርጧን ፈትታ ወጣች። ወፍራም፣ ተጫዋች ሴት ናት። «ለምስክርነት ስጠራ ሦስተኛዬ ነው» አለች ሚኒባስ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማት። «ሁለቱ ሠርግ ነበሩ። ሁለቱም ፈረሱ። አንቺ ግን አይዞሽ፣ የምታገቢው ወረቀት ነው።» ላላ ሳቀች። ቾሌ ያለችበት ቦታ ላይ ሆዱን የሚቆርጠው ሰው እንኳ ይስቃል።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰልፍ እስከ ደረጃው ወርዷል። ፊታቸው ያለው ሰውዬ የጠፋ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከኋላቸው ያለችው ልጅ ያላገባች ለመሆኗ ማረጋገጫ ይፈልጋሉ። ፀሐይዋ ግድግዳውን እያለፈች ስትመጣ ሰልፉም ጥላ እየተከተለ ይጠማዘዛል። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ውስጥ ያለው ጸሐፊ ጢሙ ገና የሚበቅል፣ ከረባት ያሰረ ጎረምሳ ነው። የላላን መታወቂያ አየ፣ የቾሌን አየ፣ የመብራቱን ሒሳብ ቅጂ አየ።

«ዶን ኢላሪዮ ማን ናቸው?»

«አማቴ። ሞተዋል።»

«ገባኝ» አለ ምንም ሳይገረም። «እንግዲያው አንደኛዋ ምስክር እዚያው ቤት የምትኖር መሆን አለባት። ጎረቤት አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው።»

«ነገ ባመጣትስ?»

«ነገ ስብሰባ አለ፣ መስኮቱ ዝግ ነው። ሐሙስ ይምጡ።»

ሐሙስ ቢገባ ገንዘቡ የሚመጣው ሰኞ ነው። ላላ አመሰገነችውና ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቾሌ በጋሪ ከሚሸጥ ሰው ሁለት ብርጭቆ የሐብሐብ ጭማቂ ገዝታ መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«ይልቅ ስሚ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከገበያው ጫፍ ስልክ የሚጠግነውን ታውቂዋለሽ? በሁለት መቶ ፔሶ የመብራት ሒሳብ በስምሽ ይሠራልሻል። የእህቴ ልጅ በሱ ነው ሞተር በዱቤ የወሰደው። ከእውነተኛው ያምራል እኮ።»

ላላ ጭማቂውን ይዛ አሰበች። ደህና አድርጋ ነው ያሰበችው፤ ማንም ቅዱስ አይደለም። ሁለት መቶ ፔሶ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ክፍሉም የእሷ። ግን ቢነቁባትስ? ሒሳቡን ይዘጉታል፤ ስድስት ዓመት በዩኒፎርም አንገትና ኪስ የለቀመችው ሁሉ ቢያዝ ለማን አቤት ትላለች? ደግሞም፣ ይህ አናደዳት፣ የምትኖርበትን ቤት በሐሰት ወረቀት ለምን ታስመስክር? እውነት እኮ ነው የምትኖረው።

«ተይው» አለች። «ክፍሉ ለዶሮዎቹ ይሁን።»

«ምን ዓይነት ሴት ነሽ አንቺ!» አለች ቾሌ። ከዚያ ወደ መንገዱ አየችና በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ያቺ ቴንቻ አይደለችም?»

ቴንቻ ነበረች። ፀጉሯ ገና እርጥብ ነው፣ የእሁድ ሹራቧን ለብሳለች፣ መታወቂያዋን እንደ ገንዘብ በጡቶቿ መሀል አድርጋው ኖሮ ደረጃውን እየወጣች ነው የምታወጣው። ከሚኒባሱ ጀምሮ ከራሷ ጋር ስትጨቃጨቅ እንደመጣች ፊቷ ይናገራል።

«ቅጠሉ ሳይሸጥ ቀረ» አለች እንደ ሰላምታ። «ሩቲሊዮ ደውሎ 'እንዳትፈርሚላት' ይለኛል። ለኔ! አባቴ ሲታመም አንድ ቀን መጥቶ ያላደረ ሰውዬ! ለመሆኑ እሱ ማነው ለኔ ፈርሚ አትፈርሚ የሚለኝ? የት ነው መስኮቱ?»

ሰልፉን ማን ይጠብቃል፤ ቾሌ «አሁን ነበርን፣ አሁን ነበርን» እያለች በሆዷ መንገድ ከፈተች። ጸሐፊው የቴንቻን መታወቂያ ተቀብሎ መጻፍ ጀመረ፤ ላላን የሚጠራት በመታወቂያዋ ላይ ባለው ሙሉ ስሟ ነው።

«ወይዘሮ ኤውላሊያ በዚህ አድራሻ ስንት ዓመት ኖረዋል?»

«ሀያ ሁለት» አለች ቴንቻ። «በዝናብ ነው የገባችው። መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነበር፣ ታክሲው እምቢ ብሎ ማዕዘኑ ላይ ጣላቸው። ወንድሜ ሻንጣውን፣ እሷ የስፌት መኪናዋን ተሸክማ። አንድ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ። እናቴ ነጠላ ጫማ አበደረቻት፣ ሁለቱም የግራ እግር ነበሩ፣ ዝም ብላ አደረገችው።»

«ዓመቱን ብቻ ነው የጠየቅኩት፣ እመቤት።»

«አባቴ ሲሞት ከስቶ አልቆ ነበር። ሙሉ ልብሱ አልሆን አለው። ሌሊቱን ቁጭ ብላ ያጠበበችለት እሷ ናት፤ እኔ መብራት ይዤላት። ይህን ጻፍ።»

«ይህ የሚጻፍበት ቦታ የለም።»

«እንግዲያው ሀያ ሁለት ብለህ ጻፍ።»

ላላ መስኮቱን ብቻ ነው የምታየው፤ ዞራ ብታያት እንደምታለቅስ ታውቃለች። ጫማውን እሷ ራሷ ረስታው ነበር። ቴንቻ ያን ያህል ዓመት ስታያት እንደኖረች፣ ሁሉንም እንደያዘችው በሕልሟም አልጠረጠረችም። ታዲያ ይህን ሁሉ ይዛ አንድ ቀን እንኳ አጥሚቱን አሙቄልሻለሁ ብትል ምን ነበረበት?

«የምስክሯ ዝምድና?» አለ ጸሐፊው።

«የወንድሜ ሚስት ናት።»

«ወንድምዎ አብረው ይኖራሉ?»

«ሞቷል፣ አራት ዓመቱ።»

«እንግዲያው 'የቀድሞ የወንድም ሚስት' ልበል?»

ቴንቻ ክርኗን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠጋች። «የምን የቀድሞ ነው? የሞተው እሱ ነው። እኛ አልሞትንም። ጻፍ!»

ጎረምሳው ጻፈ። ማህተሙን ሲመታ ከኋላ ያለው ሰልፍ ውስጥ አንዱ አጨበጨበ፤ ቾሌ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችው።

ቾሌ ማሽኗ እንዳይቃጠል ብላ በሩጫ ተመለሰች። ሁለቱ ሴቶች ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ያለ አግዳሚ ላይ ወረቀቱን ዘርግተው ፎቶ ሊያነሱ ተቀመጡ። ስልኳ ላይ ያለው የድርጅቱ ፕሮግራም ግን አስቸጋሪ ነው፤ ማዕዘኑ አልታየም ይላል፣ ደግሞ ብርሃን በዝቷል ይላል። ቴንቻ ሹራቧን አውልቃ በሁለት እጇ እንደ ድንኳን ከላይ ዘረጋችው። ጥላው ሥር ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ቆዩና ስልኩ «ተቀብለናል» አለ። ላላ «ገንዘብ አውጣ» የሚለውን ነካች።

«በቃ? ይኸው ነው?» አለች ቴንቻ።

«ይኸው ነው። ሐሙስ ባንኬ ይገባል።»

«ስንት ነው?»

«ይበቃኛል።»

ቴንቻ ትንሽ ተኮሳተረች፣ ግን አልገፋችም። ሹራቧን እየለበሰች፣ «ያንን ክፍል ልየው» አለች። «አንቺን ማንም ነው የሚያታልልሽ።»

ዶኛ ብራውሊያ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ቴንቻ እንደ ገዢ ገባች። ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች፣ ቧንቧውን ከፈተች፣ ውሃው ቡናማ ሆኖ ሲመጣ ንጹሕ እስኪሆን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀች። መጸዳጃ ቤቱን አየች፣ አሸተተች። የብረት በሩ ሲወጣ መሀል ላይ ይይዛል፤ እሱን ሳታሠሪ አንድ ፔሶ አትቀበይም አለቻት ብራውሊያን፣ ብራውሊያም ሳታስበው እሺ አለች። ከዚያ ቴንቻ ክፍሉ መሀል ቆመች። ከመንገዱ የሚገባው ብርሃን እስከ ኋለኛው ግድግዳ ይደርሳል፤ የልስኑ ቀለም አዲስ ነው፣ ትንሽ የኖራ ሽታ አለው። ላላ ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ አይታዋለች፣ ዛሬ ግን የሚሞላ መሰላት።

«የስፌት መኪናሽን በሩ አጠገብ አድርጊው» አለች ቴንቻ በመጨረሻ። «እዚያ ጨለማ ላይ ዓይንሽን እንዳታጠፊ። አልጋውን ወዲያ። እዚህ ጋ ወንበር ይገባል።»

«ይገባል» አለች ላላ።

«ታዲያ ሐሙስ ገንዘቡ ከመጣ ዓርብ ትገባለች» አለች ብራውሊያ። «ቁልፉን ላስቀርጽ ነው። ስንት ይሁን?»

«ሁለት» አለች ቴንቻ፣ ላላ አፏን ሳትከፍት። «አንዱ ለኔ። ይቺ ብቻዋን ናት፣ ብትታመም ማን ገብቶ ያያታል?»

ብራውሊያ ወደ ላላ አየች። ላላ ወደ ቴንቻ አየች። ፎቁ ላይ ያለው ክፍሏ መቆለፊያ ኖሮት አያውቅም። ቴንቻ የታጠበ ልብስ ልታመጣም፣ ባልዲ ልትወስድም፣ ነገር ልትፈልግም እንዲያው በሩን ገፍታ ነው የምትገባው፤ ፌርሚን የሞተ ሌሊት ደግሞ እንዲሁ ሳታንኳኳ ገብታ እስኪነጋ እግርጌዋ ተቀምጣለች። ሁለቱም እውነት ነው። ላላ ዛሬ ጠዋት ቢሆን እሺ ትል ነበር፤ ሀያ ሁለት ዓመት እሺ ስትል ነው የኖረችው።

«አንድ ይበቃል» አለች።

ቴንቻ ፊቷ ቀላ። ቦርሳዋን ከብብቷ ወደ እጇ አዛወረች።

«አንኳኪ፣ ቴንቻ» አለች ላላ። «በመጣሽ ቁጥር እከፍትልሻለሁ። ሌሊትም ቢሆን።»

ቴንቻ ዞራ ወደ ውጭ ወጣች፣ የሚይዘውን የብረት በር በሁለት እጇ ታግላ ከኋላዋ እስከ መሬት ጎትታ ዘጋችው። ክፍሉ ጨለመ። ብራውሊያ «ተቆጣች መሰለኝ» ብላ ሳትጨርስ በሩ በቡጢ ተደበደበ፤ አንዴ አይደለም፣ ቤቱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ።

«ማነው?» አለች ላላ።

«ማን ይሆናል!» አለች ቴንቻ ከውጭ። «ክፈቺ፣ ፀሐይ ላይ ነኝ!»

ላላ እየሳቀች፣ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች ሄዳ በሩን ከፈተችላት።